ድርብ መጋረጃ

አብዱልወዱድ መጋረጃ ሻጭ ነው፤ መጋረጃ ሻጭ ደግሞ በዓለም ላይ የማይሸፈን ነገር ያለ አይመስለውም። ከደሴ መጥቶ መቐለ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ስንቱን መስኮት አልብሷል። በሥራው ግን አንድ የማይለቀው ደንብ ነበረው። ደንበኛ ጨርቅ ሲመርጥ በሱቁ መብራት አያስወስንም። ጣቃውን ተሸክሞ በራፍ ድረስ ይወጣና፣ «እዚህ ይዩት እንጂ፣ የውስጡ መብራት ቀለም ይሰርቃል» ይላል። በዚህ የተነሳ ታማኝ የሚል ስም አትርፏል፤ ስሙንም ይወደው ነበር።

ሚስቱ ሀፊሳ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ጽንስ ደጋግሞ ወርዶባታል፤ ይሄኛው ግን ጸንቶ ስምንተኛ ወሩን ያዘ። በጤና ጣቢያ የምትከታተላት ሲስተር ኣሪያም የደም ግፊቷ ከፍ ማለት መጀመሩን ስታይ ባልየውን ለብቻው ጠራችው።

«ስማኝ» አለችው። «ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለባት ነገ ዛሬ እንዳትል፤ ቀጥታ ሆስፒታል ይዘሃት ትሄዳለህ። ሌላው፣ አታስደንግጣት። ቤቱ ጸጥ ይበልላት።»

አብዱልወዱድ ሁለቱንም ሰማ፤ አጥብቆ የያዘው ግን የኋለኛውን ነው። ሰው እንደ ሙያው ነው የሚሰማው።

በዚያው ሰሞን ሱቁ ውስጥ በተከፈተ ሬዲዮ አንዲት ባለሙያ ስለ ቤት መብራትና ስለ መንፈስ እርጋታ ስታወራ ሰማ። ነጭ መብራት ልብን ያስሮጣል፣ ቢጫና ደብዘዝ ያለው ያሳርፋል አለች። ማታ ማታ ስልክ ይራቅ፣ ወሬ ይቁም፣ ሰው ቁጭ ብሎ የገዛ ትንፋሹን ያዳምጥ አለች። ምክሩ ክፋት የለውም። አብዱልወዱድ ግን በማንኪያ ውሰድ የተባለውን ሽሮፕ ጠርሙሱን ሙሉ የሚጨልጥ ዓይነት ሰው ነው። በማግስቱ የሳሎኑን ረጅም ነጭ መብራት አወረደው። በምትኩ ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ ቢጫ አምፖል ያላት ትንሽ የራስጌ መብራት አኖረ። መስኮቶቹን ከሱቁ ባመጣው ወፍራም ድርብ መጋረጃ ጥርቅም አደረጋቸው። ቴሌቪዥኑንም «ተበላሽቷል» ብሎ አልጋ ሥር ከተተው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የራሱ ሥርዓት ያዘ። መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ ሁለቱም ስልካቸውን ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታሉ። እሱ ትንሿን መብራት ያበራል። መብራት ሲበራ ሁሉም እንደ አዲስ ሰላምታ በሚለዋወጥበት ቤት ስላደገች፣ ሀፊሳ ሁልጊዜ «እንደምን አመሸህ» ትለዋለች። ከደቂቃ በፊት ሲያወሩ ቆይተውም ቢሆን «አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን አመሸሽ» ይላታል። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ብለው ይተነፍሳሉ። መጀመሪያ ላይ ሳቋ እየመጣ አስቸግሯት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ወደደችው፤ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቀው ያቺን ሰዓት ሆነ።

ውጭ ያለው ነገር ግን አልረጋም። ጊዜው ጥቅምት 2013 ነው። ገበያው ውስጥ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለምዷል። ከወሎ መጥተው የቀን ሥራ የሚሠሩት ልጆች ሻንጣቸውን እያነሱ አንድ በአንድ ወደ መናኸሪያ ይወርዳሉ። ዱቄት ፈላጊው በዛ፤ መጋረጃ የሚጠይቅ ጠፋ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሀፊሳ ወንድም በድሩ ከደሴ ደወለ።

«ምን ትጠብቃለህ? መንገዱ ሳይዘጋ ላካት እንጂ። እናቷ ቤት ትውለድ፣ ወጉም እሱ ነው። እማዬ አልጋውን አንጥፋ ቁጭ ብላለች።»

«ትንሽ እንየው።»

«አገሩ ሁሉ ያየውን አንተ ምኑን ነው የምታየው?»

«ድንገት ተነሽ ብላት ለምን ትለኛለች። ከነገርኳት ደግሞ ትደነግጣለች። መደንገጥ የለባትም ተብያለሁ።»

በድሩ «ወላሂ፣ እሷን አረጋጋለሁ ስትል ራስህ እንዳትተኛ» ብሎ ዘጋው።

የዚያን ቀን ማታ፣ መብራቱ በርቶ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ሀፊሳ ራሷ አነሳችው። «አብዱ፣ እማዬ ጋ መቼ ነው የምሄደው? ግቢ ውስጥ ስለ ጦርነት ሲያወሩ የሰማሁ መሰለኝ።» መልሱን ከፊቱ ልታነብ ዞር አለች። አምፖሏ ከጀርባው ስለነበረች ያየችው የጭንቅላቱን ጥላ ብቻ ነው።

«አብሽሪ፣ ወሬ ነው። መንገዱ ያንገላታሻል ብዬ ነው እንጂ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄጃለሽ» አላት።

አመነችው። አብዱልወዱድ ፈርቶ ነበር። እሷን ማጣት ፈርቷል፣ ልጁን ማጣት ፈርቷል፤ ከሁሉም ይልቅ ግን ፍርሃቱን እንዳታይበት ይፈራል። ያቺ መብራት የሱንም ፊት እንደምትሸፍንለት ሲረዳ፣ አላህ ይቅር ይበለውና፣ ደስ አለው።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ይወጣል፤ የሚገባው ሲመሽ ነው። ሀፊሳ ቀኑን በመጋረጃው ውስጥ ተኝታ ታሳልፋለች። ቅዳሜ ማታ የጋብቻ ቀለበቷን አውልቃ ከስልኮቹ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ጣለችው። «ጠበበኝ፣ ጣቴ ሳይቀር ወፈረ» አለች፤ ተሳሳቁ። በማግስቱ ሲገባ አከራያቸውን ኣደይ ኣብረኸትን ግቢው ደጃፍ ላይ አገኛቸው። ሀፊሳን እንደ ልጃቸው የሚያዩ፣ ሾርባ ይዘው የሚገቡላት ሴትዮ ናቸው።

«ኣደይ፣ እንዴት ናት ሀፊሳ?»

«ጽቡቕ ናት ወደይ፣ ደኅና ናት ልጄ። ቅድም ገብቼ ነበር፤ ፊቷ ሞልቷል። ተመችቷታል።»

ፊቷ ሞልቷል የተባለላት ሴት ደኅና ናት፤ እዚህም ወሎም እንዲያ ነው። አብዱልወዱድ እየተደሰተ ገባና ትንሿን መብራት አበራ። እውነትም የሚስቱ ጉንጭ ክብ ብሎ፣ በቢጫው ብርሃን የወርቅ ቀለም ይዞ ታየው። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ወደ በራፍ ያወጣው ነበር። የተቀመጠችው ግን ሚስቱ ናት፤ አጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሹን ማዳመጥ ጀመረ።

ረቡዕ ጠዋት ሲነቃ መብራት የለም። ስልኩን ከቆርቆሮው አውጥቶ ቢያየው ኔትወርክ የለውም። ሀፊሳን ሳይቀሰቅስ ወጣ። ሱቆች ተዘግተዋል፣ ባንኮች ተዘግተዋል፤ ሰው በየጥጉ ቆሟል። «ተጀምሯል» አለው አንዱ፤ ምኑ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በእግሩ መናኸሪያ ድረስ ሄደ። ባዶውን ግቢ የሚጠርገውን ሰውዬ የደሴ መኪና ይኖር እንደሆነ ጠየቀው፤ ሰውዬው ቀና ብሎ አየውና ወደ መጥረጊያው ተመለሰ። አብዱልወዱድ ሰው ይዞን ይወጣል በሚል ተስፋ ከአንዱ ዘንድ ወደ ሌላው ሲንከራተት ዋለ። ቤቱ የደረሰው ሊመሽ ሲል ነው።

ውስጡ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። «ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም» አለችው ሀፊሳ ከሶፋው ላይ። «ደግ ነው፣ ጸጥ ብሏል።»

ሻማ ሊፈልግ የስልኩን ባትሪ አበራ። ነጩ ብርሃን ድንገት ፊቷ ላይ አረፈ።

«እንደምን አመሸህ» አለች፣ ልማድ ነውና።

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋው። ፊቷ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አብጧል። ዓይኖቿ ጠበው ሁለት ስንጥቅ መስለዋል፤ ጭኗ ላይ ያረፉት እጆቿ የሌላ ሰው እጆች ይመስላሉ። በደንብ ብርሃን ያያት ገና አሁን መሆኑ ገባው።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ።»

«ዓይንሽስ?»

«ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ያቺ አምፖል ትመስለኝ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ዛሬ ግን ሳትበራም ይለኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ሀፊ?»

«እንዳትደነግጥ ብዬ ነዋ።»

ስልኩን ደጋግሞ ነካካ፤ የሚደወልበት ነገር የለም። ወደ ግቢው ወጥቶ ኣደይ ኣብረኸትን ተጣራ። ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አጨንቁረው አዩና፣ «እዚህ ምንም አይታይም፤ ወደ በራፍ አውጣት ወደይ» አሉት። የገዛ ቃሉ ነበር። ደግፎ አወጣት። የቀረችው የማታ ብርሃን ለማየት በቃች።

«ኣነ ዕውርቲ፣ እኔ ዕውሯ» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው። «ተመችቷት መስሎኝ።» ከዚያ ባጃጅ ያለውን ጎረቤታቸውን ረዳኢን ሆስፒታል እንዲያደርሳት ሊጠሩ ሮጡ።

ሀፊሳን ወደ ግቢው በር ወስዶ በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ከብዙ ቀን በኋላ መንገዱን ማየቷ ነው። እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ አንድም መስኮት አልበራም። ሰዎች በየደጃፋቸው ቆመው ያንሾካሹካሉ።

«ሰፈሩ በሙሉ ነው እንዴ የጠፋበት?»

«አብሽሪ፣ መብራት ነው። ይመጣል።»

በዚህ መሃል የረዳኢ ባጃጅ ከጥጉ ታጠፈችና መብራቷ ሁለቱ ላይ አረፈ። ሀፊሳ መብራት ሲበራ የምትለውን አላለችም። ባበጠ እጇ የባሏን አገጭ ይዛ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ጥሩ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው አገላብጣ አየችው። ለብዙ ማታ ሲሸሽጋት የከረመው ሁሉ እዚያው ላይ ነበር።

«መንገዱ ተዘግቷል» አለች። «እማዬ ጋ አልሄድም።»

አብሽሪ ማለቱን ትቶ አንስቶ አሳፈራትና ከጎኗ ገባ። ኣደይ ኣብረኸትም ከፊት ከረዳኢ ጎን ተጠጋግተው ተቀመጡ።

ረዳኢ ወታደር የጫኑ መኪኖች በዋናው መንገድ እያለፉ መሆኑን ስላየ ወደ ውስጥ ለውስጡ ኮረኮንች ታጠፈ፤ እንዳይታይም ፈርቶ የባጃጇን መብራት አጠፋው። ቀስ እያለ፣ በዳበሳ ይነዳል። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል። አብዱልወዱድ የሚስቱን ጭንቅላት ትከሻው ላይ አስደግፎ ትንፋሿን ያዳምጣል። ትንፋሿ ፈጠነ። ከዚያ እጁን ያዘችውና፣ ያንን ማታ ማታ የሚሰማውን ለስላሳ ድምፅ አውጥታ፣ «እንደምን አመሸህ» አለችው።

አብዱልወዱድ ብርሃን የመጣ መስሎት ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። የትም መብራት አልበራም።