ከምላስ ሥር

ልብስ ሰፊው ክኒን ጠላቱ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰሞን ከምላሱ ሥር እየደበቀ፣ ሚስቱ ዞር ስትል ቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል ይተፋው ነበር። ደረሰችበት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አፉን አስከፍታ፣ ምላሱን አስነሥታ ታያለች። እሱም "አንቺ ጉምሩክ" እያለ ያነሣል።

ሰሞኑን ምግብ አስጠላው፤ ያስመልሰው ጀመር። ሽንቱ መጥቆሩን ሲነግራት፣ መድኃኒቱ ሽንት እንደሚያቀላ የጤና ጣቢያው ነርስ ነግራን የለም ወይ ብላ አለፈችው። እውነትም ተነግሯቸዋል። ደግሞስ አንዴ የዋሸ ሰው እውነት ሲናገርም ምስክር ይጠራል።

ያን ጠዋት ክኒኖቹን ጎርሶ ቆመ።

"ዛሬስ አልችልም። የምሞት መሰለኝ።"

"አንተማ አትሞትም፤ እኔን ትገድላለህ እንጂ። ዋጥ!"

አልዋጠም። አገጩን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ምላሱን ሲያነሣ ክኒኖቹ እዚያው ናቸው። ልትቆጣ አፏን ስትከፍት፣ ከምላሱ ሥር ያለው ሥጋ ቢጫ ሆኖ ታያት። የዓይኑን ቆብ ሳብ አደረገች፤ ነጩም ቢጫ ነው።

መዳፏን ከአገጩ በታች ዘረጋች። "ትፋው" አለችው።

ጤና ጣቢያ ደሙ ተመረመረ። መድኃኒቱን ሰባብሮ የሚያስወጣው ጉበት እንደሆነ ነርሷ አስረዳቻቸው፤ የአንዳንዱ ሰው ጉበት ቀስ ብሎ ይሰብረዋል፣ ስባሪውም ተከማችቶ ጉበቱን ራሱን ያቆስለዋል። ሁሉም ክኒን ዛሬውኑ እንዲቆም አዘዘች።

ሚስትየዋ ደነገጠች። "ሲቆም በሽታው አይነሣበትም?"

"እሱን እኔም እፈራለሁ፣ እናቴ። ጉበቱ ከሞተ ግን የምናክመው ሳንባ አይኖርም።"

እንግዲህ መጠበቅ ሆነ። እሱ ባሳለ ቁጥር እሷ ስቅቅ ትላለች። ክኒን ማስዋጡን እንጂ መከልከሉን አታውቅበትም፤ ለፈጣሪ የምትለውም "አንተ ታውቃለህ" ብቻ ነበር። ቢጫው ግን እያደር ከዓይኑ ለቀቀ።

ደሙ እንደገና ሲታይ ነርሷ ፈገግ አለች። መድኃኒቶቹን በአንድ ላይ ሳይሆን ተራ በተራ እንደምትመልስ፣ የትኛውን እንደሚችል ጉበቱ ራሱ እንደሚናገር ነገረቻቸው። አንዲት ክኒን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሚስትየዋ ውሃውን ይዛ ልትሰጠው አመነታች። "ብትጎዳውስ?"

"አምጪ እንጂ" አላት ባልየው፤ ብርጭቆውን ከእጇ ወሰደ።