የመጨረሻው እጅ

«የፕሮግራሙን ኮድ ያበላሸችው እሷ ናት አሉ» የሚለውን ወሬ አለቃው ሳይሰለቸው ያመላልሰዋል። «አሉ» ይበል እንጂ ከሱ በቀር ያለ ሰው አልነበረም። ፕሮግራሙን ለምትሞክረው ፈታሽ በሊፍት ውስጥ፣ ለጸሐፊዋ በኮሪደር፣ ደንበኛቸው ለሆነው ሆስፒታል ሰዎች በስልክ ነገራቸው፤ በሦስተኛው ቀን ወሬው ዞሮ ዞሮ ከተወራባት ልጅ ጆሮ ገባ።

ልጅቷን ኮድ መጻፍ ያስተማራት የለም፤ በተሰነጠቀ ስልክ ራሷን አስተምራ ነው እዚህ የደረሰችው። «የኢንተርኔት ምሩቅ» ይሏታል። የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያበቃል፤ ትቀጠር ወይስ ትሰናበት የሚለው ያን ቀን ይቆረጣል።

ፕሮግራማቸው የራጅ ምስል የሚከፍተው ሌላ ድርጅት በሠራው ዝግጁ የኮድ ጥቅል፣ በ«ላይብረሪ» ነው። ቢሮ ባሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ እንከን የለውም። ሆስፒታሉ በሚጠቀምበት ሊኑክስ በተባለ ሌላ ሲስተም ላይ ግን ገና አንድ ምስል ሲነኩት ድርግም ብሎ ይጠፋል። በዚያ ቢሮ ደግሞ ደንብ አለ፤ ኮዱን በመጨረሻ የነካ ሰው ብልሽቱ እስኪስተካከል ድረስ የጠዋቱን ስብሰባ ቆሞ ይሰማል። የመጨረሻው እጅ የሷ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የምትታይ የአንዲት ቁልፍ ቀለም ቀይራለች።

ሐሙስ፣ ለአራተኛ ቀን ቆመች።

«እግርሽ አልደከመም?» አለ አለቃው ወንበሩን እያጋደለ።

«ከእርስዎ ምላስ ቀድሞ አይደክምም፣ ጋሼ።»

ፈታሿ ሳቋን በሳል ሸፈነች።

«የራሴን ኮድ ሙልጭ አድርጌ አወጣሁት» አለች ልጅቷ። «ላይብረሪውን ብቻውን በአሥር መስመር ጠርቼ ሊኑክስ ላይ አስነሣሁት፤ ያው ወደቀ። ፈታሿም አይታለች። ለሠሪዎቹ የቀረቡትን፣ ገና ያልተዘጉ የብልሽት አቤቱታዎች አንድ በአንድ አነበብኩ፣ የኛ ዓይነት የለም። ሌላ ላይብረሪ እንተካ።»

«አሥሩን መስመር ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አሁንም የነካሽው አንቺው ነሻ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«አምስት ደቂቃ ብቻ ቁጭ ብለው ራስዎ ይሞክሩት።»

«ላይብረሪውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የኔ እመቤት። ዲግሪዬ ግድግዳው ላይ ነው። ያንቺ የታለ?»

ወደ ፈታሿ ዞረች። ፈታሿ የጫማዋን ጫፍ ታይ ጀመር።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ጸሐፊዋ የስንብት ወረቀቱን አመጣችላት። ልጅቷ ቆማ ፈረመች፤ ቁጭ በይ ያላት አልነበረም።

ሁለት ወር አለፈ። ሆስፒታሉ ሌላ ፕሮግራም ገዛ፣ ቢሮው ያን ሥራ እርግፍ አድርጎ ተወ፣ አለቃውም ከፍ ባለ ማዕረግ ሌላ ድርጅት ገባ። እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም፤ አንድ ከሰዓት የላይብረሪውን ገጽ ከፈተች። ያኔ ያላየቻቸው የተዘጉ አቤቱታዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መልስ ሳያገኝ ነው የተዘጋው። «ሊኑክስ ላይ ምስል ስከፍት ይጠፋል፤ ኮዴን በሙሉ አውጥቼ ሞከርኩ፣ ጥፋቱ የላይብረሪው ነው፤ እባካችሁ» ይላል። ከሥሩ የአቤት ባዩ ሙሉ ስም አለ።

የአለቃው ነው።