ግራ ቀንዱ የተሰበረው ራስ

ቀንዳሞቹ፣ በቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ ባለ ቀንድ የእንጨት ጭንብል ለብሰው ቤት ለቤት የሚዞሩት የመንደራችን ወንዶች፣ የሚናገሩት እንዲህ ነው። አባቴ ኤጊድ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ፣ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ እየሳቀ ሲታገላቸው ልቡ ቆመ። እጁ ሲላላ ወዲያው ገባቸው። ሁሉም ጠረጴዛውን ለቀቁ፣ ከእንጨት የተጠረበውን ራሳቸውን አወለቁ፣ አንዱ ሐኪም ሊጠራ በበረዶ ውስጥ ሮጠ። ከዚያ የበለጠ ማድረግ የሚችል ሰው አልነበረም።

እናቴ የምትናገረው ሌላ ነው። አባቴ ወደቀ፣ እሷ “ተዉ!” እያለች ጮኸች፣ ሌሎቹ ለቀቁ፣ አንዱ ግን አልለቀቀም። ብቻውን ጠረጴዛውን በወደቀው ሰው ላይ እየጎተተ እስከ ደጃፍ አደረሰው። የጭንብሉ ግራ ቀንድ የተሰበረ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ አራት ዓመቴ ነው፤ ከምድጃው ጀርባ ተደብቄ ስለነበር የማስታውሰው ቀንዳሞቹ የለበሱትን የበግ ለምድ ሽታ ብቻ ነው። ኢንስብሩክ ከተማ ተምሬ መምህር ሆኜ ከተመለስኩ በኋላም ሁለቱን ወሬ ደጋግሜ መዝኛለሁ። ቀንዳሞቹ የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። እናቴም አትዋሽም።

በሸለቆአችን በቅዱስ ኒኮላስ ዋዜማ ቅዱሱ ነጭ ጢሙን አድርጎ ቀድሞ ይገባል፤ ለልጆች ፖምና ለውዝ ሰጥቶ ይወጣል። ከኋላው ቀንዳሞቹ ይገባሉ። ጠረጴዛውን ጎትተው በረዶ ላይ ሊጥሉት ይታገላሉ፤ የቤቱ ወንዶች ደግሞ እንዳይወጣ ይይዙታል። ሴቶችና ልጆች ይጮኻሉ፤ ጩኸት የሌለበት ቤት ጨዋታ አያውቅም ተብሎ ይታማል። በመጨረሻ ሁሉም አብረው አረቄ ይጠጣሉ። ጭንብሉ ውስጥ ማን እንደነበር ግን አይጠየቅም። ጭንብል ለብሶ የተሠራ ሥራ ስም የለውም።

ከአባቴ ሞት በኋላ እናቴ በሯን ዘጋችባቸው። ቀንዳሞቹም በቤታችን ሲያልፉ ወገባቸው ላይ ያሰሩትን ቃጭል በእጃቸው አፍነው ነው የሚሄዱት። ልጅ ሆኜ አልጋዬ ውስጥ ያንን ዝምታ እሰማ ነበር። ከየትኛውም ቃጭል ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ የቀንዳሞቹ ቡድን ወጣቶች መጥተው እንደገና እንድንከፍትላቸው ለመኑን። ባለቤቴ በጸደይ ትወልዳለች፤ ልጄ ያንን ዝምታ እየሰማ እንዲያድግ አልፈልግም። በሌላ በኩል ከጠረጴዛው ጀርባ፣ አባቴ በነበረበት ቦታ፣ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቤቱ የእናቴ ስለሆነ ውሳኔው የእሷ ነው።

“ያ ራስ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሏል ይላሉ፤ እሱን ሳላይ መልስ አልሰጥም” አለች።

ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣት ሄድኩ።

የገና ሙዚየማችን በድሮው የወተት ማኅበር ቤት ውስጥ ነው፤ ምድር ቤቱ የግርግም ምስሎች፣ ጣሪያ ሥር ደግሞ የቀንዳሞቹ ጭንብሎች። የሚጠብቀው ካሲያን ነው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ለመንደሩ ሁሉ ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነበር፤ በወጣትነቱ ከቀንዳሞቹ ቡድን እንደነበርም ይታወቃል።

“መምህሩ መጣ” አለ በሩን ከፍቶ። እናቴን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። “ኖትቡርጋ፣ አንቺም? ካፖርትሽን አታውልቂ። እዚህ ቤት የሚሞቃት ግርግሙ ውስጥ ያለችው ላም ብቻ ናት።”

“አንተ ደግሞ መቼ ሞቆህ ያውቃል? ደብዳቤ ስታመጣም አፍንጫህ ቀይ ነበር።”

“እሱ ብርድ አልነበረም። የየቤቱ አረቄ ነው።”

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ከግርግሙ ፊት ቆማ ምስሎቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር፤ እረኞቹን፣ በጎቹን፣ አፍንጫው የተላጠውን ዮሴፍ። ከዚያ የብርጭቆ ኳሶቹን፣ ከዚያ የገና ዳቦ የሚታተምበትን እንጨት። ጊዜ እየገዛች እንደሆነ ገባኝ። እኔም ብትቆይልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“እማዬ፣ ካልፈለግሽ እንመለስ።”

“ፊቱ የገረጣው አንተ ነህ። ቅደም፣ ደረጃውን ውጣ።”

ላይ ስንደርስ መብራቱ በራሱ በራ። “ቆጣቢ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ ይጠፋል” አለ ካሲያን። “እንደ ምክር ቤታችን ነው፤ ካልነቀነቁት ይተኛል።”

በግራና በቀኝ የእንጨት ራሶች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ አፋቸው የተከፈተ፣ ጥርሳቸው የከብት፣ ምላሳቸው ቀይ ቆዳ። መሐል ላይ የገበሬ ቤት ጠረጴዛ ከነአግዳሚው ተቀምጧል፤ ለምድ የለበሱ አሻንጉሊቶች ከብበውታል። እናቴ ወደ አሻንጉሊቶቹ አልዞረችም። በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄዳ ከመጨረሻው ራስ ሥር ቆመች። ግራ ቀንዱ ከሥሩ ተሰብሯል። ከታች የተለጠፈው ወረቀት “የተራራ ጥድ፣ የፍየል ቀንድ፤ ለባሹ አይታወቅም” ይላል።

“ከዚህ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር” አለች በቀስታ።

የሆነውን ለመፍረድ ለባሹ ያየውን ማየት እንዳለብኝ አሰብኩ። አሁን ሳስበው፣ ፍርሃቴን በምርመራ ስም ልሸፍነው ፈልጌም ይሆናል።

“ጋሽ ካሲያን፣ ልልበሰው?”

“ከባድ ነው፣ ልጄ።”

“ለአንድ አፍታ።”

ካሲያን እናቴን አያት። እሷ ስላልከለከለችው አወረደው፤ ራሴ ላይ ደፍቶ ጠፍሩን ከአገጬ ሥር አጠበቀው። የቃጭሉንም ቀበቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ።

ውስጡ የቆየ ላብና የሞራ ሽታ አለው። የዓይኑ ቀዳዳዎች ከዓይኔ ጋር አይገጥሙም፤ የሚታየኝ በአፉ በኩል የወለሉ አንድ ቁራጭ ነው። ትንፋሼ እንጨቱን እየመታ እንደ ወናፍ ይመለስብኛል። ከዚያ ውጭ ድምፅ የለም። ዝም ብዬ ቆምኩ። እነሱም እያዩኝ ዝም ብለው ቆመው ነበር መሰለኝ፣ መብራቱ ጠፋ።

ያ የወለል ቁራጭ ጨለመ። አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

ከሁለት ሰው በቀር ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። እውቀቱ ግን ምንም አልረዳኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ራሱን ላወልቅ ስታገል ጠፍሩ አነቀኝ። ወገቤ ላይ ያለው ቃጭል መጮህ ጀመረ፤ የሚያንቀጠቅጠው የራሴ ገላ እንደሆነ አልገባኝም፤ እየመጡብኝ መሰለኝ። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር እኔ እወራጫለሁ፤ እኔ ስወራጭ እሱ ይብስ ይጮኻል። እጁ ግን አልለቀቀኝም። ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ሌላ ነገር ደረቴ ላይ መጣ፤ እሱንም ገፋሁት። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ እየገፋሁ ነበር።

ጠፍሩ ሲፈታና ብርሃን ፊቴን ሲመታኝ እናቴ ከፊቴ ቆማ ነበር፤ ሻርፗ ከራሷ ወርዷል። ካሲያን ወለሉ ላይ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከንፈሩ ይደማል፤ ክርኑን በሌላው እጁ ይዟል።

“ስጠራህ ነበር እኮ” አለች እናቴ።

“መቼ?”

“ክንድህን የያዝኩህ እኔ ነኝ። መብራቱ ተመልሶ ሲበራም እየጠራሁህ ነበር። በስምህ፣ ቪንሰንዝ እያልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። መጀመሪያ የገፋኸው እኔን ነው። እሱ መሐላችን ሲገባ እሱን ጣልከው።”

“አልሰማሁም፣ እማዬ።”

ካሲያንን ላነሳው ጎንበስ ስል “ተወኝ፣ ትንሽ ልቀመጥ” አለ። እናቴ እኔን ትታ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ በሸለቆአችን የማይጠየቀውን ጠየቀች።

“ካሲያን፣ ያን ቀን ጩኸቴን ሰምተሃል?”

“ከሌሎቹ ኋላ ነበርኩ” ማለት ይችል ነበር። “ማን እንደለበሰው አይታወቅም” ማለትም ይችል ነበር፤ ወረቀቱ ተለጥፎለታል። እሱ ግን እጄ ላይ ያለውን ራስ አየ።

“አልሰማሁም” አለ። “ጠረጴዛው ድንገት ሲቀለኝ... ያሸነፍኩ መሰለኝ።”

እናቴ ፊት ላይ ቁጣ ፈለግሁ። አልነበረም። የነበረው ፍርሃት ነው፤ ደረጃውን ስንወጣ ከነበረው የባሰ። መሐረቧን አውጥታ ተንበረከከችና የካሲያንን ከንፈር ጠረገች።

“ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ክፉ ሰው ነው ስል ኖርኩ” አለች። “አንድ ክፉ ሰው ይቀለኝ ነበር። ለይቼ እጠነቀቀው ነበር።”

“እማዬ፣ የቡድኑ ልጆች መልስ እየጠበቁ ነው” አልኩ። ለምን በዚያች ሰዓት እንዳልኩት አላውቅም።

“መልሱ ይኸው” አለች፤ የምትናገረው ግን ለካሲያን ነበር። “ለልጆቹ ንገራቸው፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ጭንብል ለለበሰ ሰው በሬ አይከፈትም፤ የገዛ ልጄም ቢሆን። አንተ ግን በዋዜማው ለራት ና፣ ካሲያን። እከፍትልሃለሁ።”