አረፍት ማለት

«ታዲያ ዳዊት አረፍቱ ላይ ጋደም ሊል ነው የተሻገረው?» አሉ መሪጌታ ሐብተ ማርያም። ከፊታቸው የተቀመጡት ተማሪዎች በሳቅ ፈረሱ።

ቄስ ሰጠኝ ሳቁ በእሳቸው ላይ መሆኑ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር ከተማ የመጡት ለደብራቸው ጧፍና ዘቢብ ሊገዙ ነበር። የመመለሻው መኪና እስኪሞላ መጻሕፍት ወደሚተረጎሙበት ትርጓሜ ቤት ጎራ ቢሉ፣ መሪጌታ ከመዝሙረ ዳዊት «ወበአምላኪየ እትዐደዋ ለአረፍት» የሚለውን ሲያነሡ ደረሱ። ቄስ ሰጠኝ ዝም ማለት አላስቻላቸውም። «በአምላኬ ወደ ዕረፍት እሻገራለሁ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዲት የንስሐ ልጄን በዚሁ አጽናንቻታለሁ» አሉ፣ ጉባኤው እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«የለም፣ ቄሴ» አሉ መሪጌታ አሁን ሳቃቸውን ውጠው። «ያኛው ዕረፍት በዐይኑ ዐ ነው። ይኸ በአልፋው አ ነው፤ በግእዝ ግድግዳ፣ ቅጥር ማለት ነው። በአምላኬ ኃይል ቅጥሩን ዘልዬ አልፋለሁ ነው የሚል። ተነሥ ይላል እንጂ ተኛ አይልም። ለመሆኑ ሴትዮዋ ምን ሆና ነበር?»

ቄስ ሰጠኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳዊት ደግመዋል። ከንባብ አልፈው ትርጓሜ ቤት አለመግባታቸውን ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ከጉባኤው ተነሥተው ወደ አጥሩ ጥግ ወጡ።

ያቺ የንስሐ ልጃቸው የትነበርሽ ናት። ክንዱ የሚባለው ባሏ ስኳር በሽታ አለበት። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አመርቅዞ፣ ሐኪሞቹ ካልተቆረጠ ይገድለዋል ብለዋት ነበር። ቄስ ሰጠኝ እግር ሥር ወድቃ ምከሩኝ ስትላቸው ያችን ቃል አነበቡላትና «ወደ ዕረፍቱ ይሻገር፤ በመጋዝ አታንገላቺው» አሏት። በማግስቱ ከሆስፒታል አወጣችው።

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላት።

«ክንዱ እንዴት ዋለ?»

«ሸጋ ነው፣ አባ። እንዳሉኝ አስተኝቼዋለሁ። ማቃሰቱንም ትቷል።»

«እግሩስ?»

«ጠቁሯል። ሽታውም . . . ምነው፣ አባ?»

ቄስ ሰጠኝ «ዛሬ ሌላ ምሥጢር ተገለጠልኝ» ቢሏት ታምናቸዋለች። እንዲያውም ራእይ አዩ ተብሎ ይወራላቸዋል። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ድረስ መጣ። መልሰው ዋጡት።

«ስሚኝ፣ የትነበርሽ። ቃሉን አላውቀውም ነበር። ሳላውቅ ነው የፈታሁልሽ። ዕረፍት አይልም፤ እግዜር ግድግዳውን ያዘልለኛል ነው የሚል። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት መልሽው።»

የትነበርሽ ስትናገር ልቅሶ ይሁን ቁጣ አልለይ አላቸው።

«አሁን ማን ይሰማኛል፣ አባ? ትናንት ጨንቆኝ ልመልሰው ብል የክንዱ ወንድም፣ ስማቸው፣ በር ላይ ቆመብኝ። ‹ቄሱ የተናገሩትን ልታፈርሽ ነው?› አለኝ። ላገሩ ሁሉ አውርቶታል። ይኸው ጠያቂው ቤቱን ሞልቶታል።»

«ወንድሙ ስማቸውም እዚያ አለ?»

«አለ። ሁሉም አለ።»

ቄስ ሰጠኝ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጊው» አሏት። «መሀል ላይ አስቀምጭና ሰዉን ዝም አሰኝልኝ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»