ኮንቴነሩ ውስጥ ያለችው ሴት

ሮዛሊ ሃቭሊክ ከኔ ቤት ሁለት በር አልፋ ነው የምትኖረው። ባሏ ዱዌይን ይሠራበት የነበረው የጎማ ፋብሪካ በተዘጋበት ክረምት፣ ቤቱ በእሷ ደመወዝ ብቻ ቀረ። የጥርስ ሐኪሙ የዶክተር ዊትሎክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ደመወዟ ደግሞ ከወር ወር አያደርስም።

ያን ጊዜ ነው ኦዴል ብሪንከር ዘንድ የሄደችው። ኦዴል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሰባ ዓመት ያለፋት የሠፈራችን አሮጊት ናት። ምድር ቤቷ ሱቅ ይመስላል። ሳሙናው፣ ፓስታው፣ የታሸገው ባቄላ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ሁሉም በኩፖን፣ ከጋዜጣ ተቆርጦ በሚወጣ የዋጋ ቅናሽ ወረቀት፣ የተገዛ ነው።

«ኩፖን ገንዘብ ነው፤ ሰው ግን ወረቀት እየመሰለው ይጥለዋል» አለቻት ኦዴል፣ መቀሷን እያነሳች። «ደግሞ እንዳገኘሽ ሮጠሽ አትግዢ። ዕቃው ዋጋው እስኪወርድ ጠብቂ። የወረደ ቀን ኩፖኑን ትጨምሪበታለሽ። ያኔ የሦስት ዶላሩ ሳሙና በሰማንያ ሳንቲም እጅሽ ይገባል።»

«በአንድ ጋዜጣ ውስጥ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ለስድስት ሳሙና ስድስት ጋዜጣ ልገዛ ነው እንዴ?»

«ማን ግዢ አለሽ፣ አንቺ ሞኝ! ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የአሮጌ ወረቀት ኮንቴነር አለ አይደል? ሰው የእሁዱን ጋዜጣ ሰኞ እዚያ ይጥላል፤ የኩፖኑን ገጽ የገለጠውም የለ። ፓስተሩን አስፈቅጄዋለሁ። የሚወስደው መኪና ረቡዕ ነው የሚመጣው።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«ያያላ! የሰረቅሽ መሰለሽ? ብቻ ስሚኝ፤ በጎን በሩ እጅሽን ሰደሽ ውሰጂ እንጂ ውስጥ እንዳትገቢ።»

በየካቲት ወር በአንዱ ሰኞ፣ ክሊኒኩ በበዓል ምክንያት ተዘግቶ ሳለ፣ ሮዛሊ ማለዳ ሄደች። መኪናዋን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ሸሸግ አድርጋ አቆመች። ስልኳን ወንበር ላይ ተወችው፤ ለአምስት ደቂቃ ምን ያደርግልኛል ብላ።

የኮንቴነሩን በር ከፍታ እጇን ብትሰድ አልደረሰችም። በገመድ የታሰሩ የእሁድ ጋዜጦች ከወዲያኛው ጥግ ተከምረዋል። ግራ ቀኙን አየች፤ ማንም የለም። እግሯን አንስታ ገባች።

ሦስተኛውን እስር ስትፈታ መኪና መጥቶ ቆመ። ድምፁን ወዲያው ለየችው፤ የዶክተሩ ሚስት፣ ወይዘሮ ዊትሎክ ናት፤ በስልክ እየሳቀች ታወራለች። የባሏን እንግዳ ተቀባይ ቆሻሻ ውስጥ ገብታ ብታያት፣ ሮዛሊ ነገ በምን ዓይኗ ታያታለች? ከክምሩ ጀርባ ተኮራምታ ትንፋሿን ዋጠች። ከላይ ባለው ቀዳዳ ጋዜጣ እየወረደ ጀርባዋ ላይ ተቆለለ።

«ቆይ አንዴ» አለች ሴትዮዋ በስልክ ለምታወራው ሰው። «ማን ነው ይሄን በር ከፍቶት የሄደው? በረዶ ሊገባበት ነው።»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ከውጭ ወደቀ።

መኪናው እስኪርቅ ጠብቃ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም። በትከሻዋ መታችው፤ በእግሯ መታችው። ጮኸች። በበዓል ቀን፣ በዚህ ብርድ ማን ይመጣል? የላዩ ቀዳዳ እጅ እንጂ ራስ አያሳልፍም። ብርዱ ከብረቱ እየወጣ አጥንቷ ውስጥ ገባ። አንድ ቃል፣ «እዚህ ነኝ» የሚል አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ አሁን ቤቷ ነበረች።

ስንት ሰዓት እንደቆየች አታውቅም። ስልኳ መኪናዋ ውስጥ ሲጮህ ሰማች። ቆመና እንደገና ጮኸ። ከዚያ ከባድ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ሲጮህ ተሰማት፣ ጢት፣ ጢት፣ ጢት።

«ተመስገን፣ ሰው መጣ» አለች። ወዲያው ግን ምን እንደመጣ ገባት። መኪናው የሚወስደውን ወረቀት መጀመሪያ በሆዱ ጨምቆ ነው የሚጭነው። ሠፈራችን ሲያልፍ ብረቱ ሲያጓራ ሁላችንም ሰምተናል።

ያላት ድምፅ እስኪያልቅ ጮኸች። ሞተሩ ዋጠው። መንጠቆው ከብረቱ ጋር ሲፋጭ ጥርሷ ድረስ ተሰማት፤ ወለሉም ከእግሯ ሥር ከፍ ማለት ጀመረ። ወረቀቱ ሁሉ እየተንሸራተተ ላይዋ ወረደ። ዱዌይን መኪናዋን ባዶዋን ሲያገኛት ታያት። እጇን በቀዳዳው አውጥታ በአየር ላይ አራገበች።

የመኪና ጥሩንባ ሳያቋርጥ አምባረቀ። ወለሉ ቀጥ አለ።

«አውርደው! አውርደው ነው የምልህ!»

«እማማ፣ መኪናዎን ከኋላዬ ያንሱልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ውስጡ ሰው አለ! ያውልህ እጇ፣ ታውረሃል?»

ኦዴል ነበረች። ሮዛሊ ያን ቀን እንደምትሄድ ታውቅ ነበር፤ መኪናው ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሞ በደጇ ሲያልፍ በመስኮት አይታ፣ ሮዛሊ ጋ ሁለት ጊዜ ደውላ፣ መልስ ስታጣ በነጠላ ጫማ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ነድታ መጣች።

በሩ ሲከፈት ሮዛሊ እየዳኸች ወጣች። ሾፌሩ ተራራ የሚያህል ሰው ነው፤ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ» አለ። «ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከፍቼ አይቼ አላውቅም።»

«እንዳትገቢ አላልኩሽም? እንዳትገቢ አላልኩሽም?» ትላለች ኦዴል፤ እየተቆጣችም በካፖርቷ ትጠቀልላታለች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ዱዌይን «ለሳሙና? ለሳሙና ብለሽ?» ብሎ ጮኸባትና ጋራዥ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሮዛሊ ከዚያ ወዲህ የመኝታ ቤት በር ተዘግቶ አትተኛም።

ኩፖኑን ግን አልተወችውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ ወይዘሮ ዊትሎክን አስቆመቻት።

«የእሁድ ጋዜጣዎትን አንብበው ሲጨርሱ… ለኔ ቢሰጡኝ? ኩፖኑን ፈልጌው ነው።»

«ውይ፣ ያንን ተራራ? እኔ እኮ ለመጣል ነው የምንከራተተው! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«አፈርኩ» አለች ሮዛሊ፤ ያን ቀን የኮንቴነሩን በር የዘጋችባት ራሷ ወይዘሮ ዊትሎክ መሆኗን ግን አልነገረቻትም።