ሦስት ብሎን ለአንድ መንጋጋ

ለመብሳት ሁለት ሚሊሜትር ብቻ እንግዲህ፣ ከዚያ በላይ አልተሰጠኝም፣ የሩዝ ፍሬ ውፍረት፣ ከዚያ ወዲያ ደም አለ፣ ነርቭ አለ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው በሙሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ራጁን ደግሜ አየዋለሁ፣ ደግሜ ስላየሁት አይሰፋም። የጋሽ ኤይኖ ግራ ታችኛው መንጋጋ፣ በዚያ በኩል የተረፈው አንድ ጥርስ፣ ትናንት ፓስቲ ሲበላ ግማሹ ተገምሶ ወደቀ፣ በዚያ ሊጥ ውስጥ ከሥጋና ከድንች ሌላ ምን ይከታሉ፣ ጠጠር? ቁራጩን በክብሪት ቀፎ ይዞልኝ መጣ። መልሼ የምለጥፍለት ይመስል።

ይህ ከተነቀለ ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚያዝበት የለውም። ሾርባ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ።

የጥርሱ ግድግዳ ፈርሷል፣ ሙሌቱ የሚደገፍበት የለም፣ ስለዚህ ብሎን፣ ከስፌት መርፌ የቀጠነ፣ ግማሹ ጥርሱ ውስጥ ግማሹ ውጭ፣ አማልጋሙ፣ የብረት ሙሌቱ፣ እሱን ጨብጦ ይቆማል። ይህን ያሰበው ሰው ማን ይሆን፣ ምን ዓይነት ድፍረት ነው፣ በሕያው ነገር ላይ ብሎን ማሰር።

እኛም እንደዚያ ነበር የምናደርገው፣ አለኝ ጋሽ ኤይኖ ከንፈሩ ሳይደነዝዝ፣ የማቲ ልጅ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያ ሁሉ የብረት ማዕድን ከላያችን ተንጠልጥሎ በምን የቆመ ይመስልሻል፣ ትበሺዋለሽ፣ ብሎን ትሰጂበታለሽ፣ ተራራው ራሱን ይሸከማል፣ አባትሽ በምሳ ሰዓት ከሥሩ ተጋድሞ ያንኮራፋ ነበር። ግን መጀመሪያ በብረት ዘንግ ታንኳኪዋለሽ፣ ከበሮ ከመሰለሽ እግሬ አውጪኝ፣ እንደ ደወል ከጮኸልሽ ደህና ነው፣ ያኔ ከኋላሽ ያለውን ሠራተኛ ግባ ትይዋለሽ። ጋሽ ኤይኖ አፍዎን ይክፈቱ፣ ወሬው በኋላ ይደርሳል። በኋላማ ምላሴን ገድለሽው የለ! ሎሬታ ሳቀች፣ ረዳቴ፣ ከእኔ በፊት የነበረውን ሐኪም ሃያ ዓመት ያገለገለች፣ እኔን ዶክተር ለማለት አሁንም ጉሮሮዋን የሚይዛት። ኬርቱ፣ እጅሽ ላብ ነው፣ ትለኛለች በሹክሹክታ። አውቃለሁ ሎሬታ። አውቃለሁ።

ፑንታው፣ የመሰርሰሪያው ቀጭን ጫፍ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ነጭ ዱቄት፣ የመጀመሪያው ቀዳዳ፣ ደረቅ። ብሎኑን አስገባዋለሁ፣ ይዞራል፣ ይጠብቃል፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ራሱ ቀጭ ብሎ ይቆረጣል፣ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ በትክክለኛው ቦታ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ነገር። ሁለተኛውም። ቀጭ። ሁለት የብረት ቡቃያዎች፣ በመብራቱ ያበራሉ፣ አፉ ውስጥ ሌላ ከተማ የተመሠረተ ይመስላል።

ሦስተኛው፣ ከነርቩ የሚቀርበው፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ፣ ፑንታው ገባ፣ አንድ ሚሊ፣ አንድ ተኩል፣

መሬቱ ተናወጠ።

የዘጠኝ ሰዓቱ የማዕድን ፍንዳታ፣ ከከተማው ሥር፣ በየቀኑ፣ መስኮቱ ዘረር ይላል፣ ትሪው ላይ ያሉት መሣሪያዎች ይንጫጫሉ፣ ሎሬታ ዓይኗን እንኳ አታርገበግብም፣ እግሬ ግን ፑንታውን ከሚያዞረው ፔዳል ተነሳ፣ እኔ አላነሳሁትም፣ እናቴ ናት ያነሳችው፣ መሬት ሲናወጥ ማንኪያዋን ድስቱ ውስጥ እንደያዘች ቀጥ የምትል፣ እኛም ሁላችን ቀጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ አባታችን ከዚያ በታች ስለነበረ፣ የአባታችን ቦት ጫማ በሩ ላይ እስኪሰማ ድረስ ቤቱ ሙሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር፣ ስምንት ዓመት ሌላ ከተማ ተምሬ ረሳሁት ብዬ፣ አልረሳሁትም፣ እግሬ አልረሳውም።

ፑንታው ቆሟል። ጥርሱ ውስጥ።

እያዞራችሁ ግቡ እያዞራችሁ ውጡ፣ ይለን ነበር አስተማሪያችን በየቀኑ፣ ውስጥ የቆመ ፑንታ ሲጎትቱት ይሰበራል፣ የተሰበረ አይወጣም፣ ያኔ ጥርሱ ይነቀላል። ፔዳሉን ብረግጠውስ፣ ይሰበራል። ብጎትተው፣ ይሰበራል። ሎሬታ ታየኛለች። 

እእ፣ ይላል ጋሽ ኤይኖ።

አፉ እንደተከፈተ፣ ጥጥ እንደሞላበት፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ፣ እጁን ከሆዱ ላይ ያነሳል፣ አንድ ጣቱን፣ ጫፏ የተቆረጠችውን፣ በአየር ላይ ያዞራታል፣ ወደ ግራ፣ ቀስ፣ እንደገና ወደ ግራ። ድምፁ መቆሙን ሰምቷል። ሠላሳ አራት ዓመት ድንጋይ የበሳ ሰው፣ የገዛ መንጋጋው ውስጥ ፑንታ እንደተቀረቀረ በጆሮው አውቆ፣ ሳይደነግጥ፣ አንቺ ልጅ በጅሽ መልሺው ይለኛል።

መያዣውን ከፑንታው አላቀዋለሁ። ሁለት ጣቶቼ ብቻ፣ ከብረቱ አናት ላይ፣ ላቡ ደርቋል፣ መቼ እንደደረቀ አላውቅም። ግራ። ፀጉር ታህል እሺ አለኝ። ግራ። እሱም ጣቱን ያዞራል፣ እኔም አዞራለሁ፣ ማን ማንን እየመራ ነው፣ ግራ፣ ግራ፣ ወጣ። ሙሉ ነው፣ ጫፉ አለ፣ ሎሬታ ትንፋሿን ስትለቅ ጭምብሏ ተነፋ።

አሁን ቀዳዳው። ቀይ ከሆነ አበቃ። ቀጭን ወረቀት እሰድበታለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አወጣዋለሁ፣ ጫፉን ወደ መብራቱ፣

ነጭ።

እንደ በረዶ ነጭ። ጌታዬ።

የቀረውን ግማሽ ሚሊ ፑንታው እየዞረ ገብቶ እየዞረ ወጣ፣ ሦስተኛው ብሎን፣ ቀጭ፣ ቀጭኑን የብረት ቀበቶ በጥርሱ ዙሪያ አስሬ አማልጋሙን፣ ሎሬታ ሌላ፣ ሌላ ጨምሪ፣ ስጠቀጥቀው እንደ አዲስ ጫማ ይንጫረራል፣ በብሎኖቹ ዙሪያ፣ በሥራቸው፣ እስኪሸፈኑ ድረስ፣ ከእንግዲህ ማንም አያያቸውም፣ በጨለማ ውስጥ ይዘው ይኖራሉ፣ ተራራው ውስጥ እንዳሉት፣ እናቴ አንድ ቀን እንኳ አይታቸው እንደማታውቃቸው፣ እነሱ ነበሩ አባቴን ማታ ማታ ወደ ቤት የመለሱልን።

ቀበቶውን ፈታሁ። ጥርስ ቆሟል።

እስከ ነገ በዚህ በኩል እንዳያኝኩ። አንኳኪው፣ ይለኛል፣ ምላሱ ተኮላትፎ። ገና ለስላሳ ነው ጋሽ ኤይኖ። ቀስ ብለሽ አንኳኪው እንጂ፣ ሳይፈተሽ ማን ይገባል!

በመስታወቱ እጀታ፣ ቀስ፣ አንድ ጊዜ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሎሬታም ቀጥ ብላለች፣ እኔም፣ ድምፁ በአጥንቱ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፣ እሱ ብቻ ወደሚሰማው፣

ግቢ፣ አለኝ።