እስከ ጁምዓ

ሾፌሯ ባይታመም ኖሮ ሲቲና የምትገዛቸውን የወይራ ችግኞች ማን እንደሚያሳድጋቸው ሳታውቅ ትኖር ነበር። የዌስትቼስተር ሆቴሎችን ግቢ የምታሳምር፣ የቶራንስ ቢሮዎችን ሣርና አበባ የምትንከባከብ፣ የራሷን ሠራተኞችም እንደ ቤተሰብ የምትይዝ ሴት ናት። ችግኙን የምትወስደው ግን ከሙዳሲር ነው። ሙዳሲር የአገሯ ሰው፣ በረመዳን ስንቱን የሚያስፈጥር፣ ለቅሶ ሲሆን ከዘመድ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ማን ነው የሚሠራልህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላት ነበር።

ያን ቀን ፒክአፑን ራሷ ድራይቭ አድርጋ ከከተማ ርቆ ወዳለው የችግኝ ጣቢያ ሄደች። ሙዳሲር ቢሮው ውስጥ ስልክ እያወራ ስለነበር በመስኮት እጁን ብቻ አውለበለበላት። አንድ ቀጭን ወጣት ችግኞቹን ከነፕላስቲካቸው እያቀፈ መኪናው ላይ ይጭን ጀመር።

«የየት አገር ልጅ ነህ?» አለችው በአማርኛ።

በስሙ እንደተጠራ ሰው ቀና አለ። «የሀርቡ። እርስዎስ?»

«ባቲ! ጎረቤት ነን እኮ!» ሳቀች። «ሥራው እንዴት ነው? ደህና ይዘውሃል?»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ወደ ቢሮው መስኮት አየ። ከዚያ ሌላ ችግኝ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ፣ ሳያያት፣ «እትዬ፣ ስልክ ይዘዋል?» አለ። «እናቴ በሕይወት መኖሬን አታውቅም።»

በመኪናው ጀርባ ተከልለው ስልኳን ሰጠችው። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ስልኩ እየጠራ፣ የሚያነሳው ሰው እየጠፋ፣ በሹክሹክታ ነገራት። ስሙ አብዱልባሲጥ ነው። ሙዳሲር ፓስፖርቱን «እንዳይጠፋብህ» ብሎ ወስዶበታል፤ ስልኩንም እንዲሁ። የሚተኛባት ትሬይለር ከውጭ ትቆለፋለች። ከግቢው ከወጣህ ፖሊስ ይበላሃል ይለዋል።

«አብሽር» አለችው። «እኔ አለሁ።»

«ከእኔ መስማትዎን ግን እሳቸው እንዳያውቁ። አደራ።»

ማታ እቤት የሲቲና ልጅ ሳቢሪን ወሬውን ስትሰማ የምትበላውን አስቀመጠች። «እማ፣ ለዚህ ሆትላይን አለ። አሁኑኑ ደውዪ።»

«ደውዬስ? ልጁን ዲፖርት ቢያደርጉትስ? ሙዳሲርን በካቴና ሲጎትቱት እኔ በየትኛው ዓይኔ ፌርፋክስ ላይ አበሻው መሃል ልቁም? መጀመሪያ ሽማግሌ ይላክበታል።»

«ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ለመጠየቅ ነው፤ ሰው የሚቆልፍ ሰውዬ ጋ አይደለም። ደግሞ እንዲህ ለተያዙ ሰዎች ቪዛ ይሰጣቸዋል እንጂ ዲፖርት አይደረጉም እኮ።»

«አንቺ እዚህ ተወልደሽ ምን ታውቂያለሽ!»

ሳቢሪን ሳህኗን አንስታ ወጣች። ሲቲናም የጮኸችው ተናዳ ሳይሆን ፈርታ እንደነበር ራሷ ታውቀዋለች።

በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ ፓርክ አድርጋ ጋሼ እንግዳ ሱቅ ገባች። ጋሼ እንግዳ በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ ይባላል እንጂ ዋናው ሥራቸው ሰው ማስታረቅ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጣላ እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። «በዚህ ጎዳና ላይ የተፋቱት ሁሉ እኔን ያልሰሙ ናቸው» ማለት ይወዳሉ።

ሁሉንም ነገረቻቸው። «የልጁ ስም ግን እንዳይነሳ፣ ጋሼ። አደራ ብሎኛል።»

«ኦኬ፣ ኦኬ። ለእኔ ተይው» አሉና ከመስጊድ አንድ ሀጂ ይዘው ሄዱ።

ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «እግራችን ላይ ወደቀ! አለቀሰ እኮ! ‹ልጄ ነው፣ ከተማ ወጥቶ እንዳይበላሽ ብዬ ነው› አለ። ፓስፖርቱንም ልጁንም ራሴ አምጥቼ እዚሁ ሱቅ፣ እናንተ ፊት አስረክባለሁ አለ። እስከ ጁምዓ ስጡኝ አለ፣ ሰጠነው።»

«ማን ነገራችሁ ብሎ አልጠየቀም?»

ጋሼ እንግዳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጠየቀ እንጂ። ሰው ከሳሹን ሳያውቅ ይታረቃል እንዴ? ሽማግሌ ሆኖ መዋሸትስ? ልጁ ነው አልነው። እንዲያውም ወዲያው አስጠርቶ ትከሻውን ሳመው።»

«ጋሼ! አደራ ብዬዎት!»

«አንቺ ደግሞ! ታረቁ አልኩሽ እኮ።»

እቤት ገብታ ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ደግማ አነሳች። ቀጠሮው የተሰጠው በሽማግሌ አፍ፣ በእሷ ልመና ነው። ቀኑ ሳይደርስ ፖሊስ ብትልክ ሽማግሌዎቹን አዋረደች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ማንም ለማንም ሽማግሌ አይልክም። «ጥቂት ቀን ነው» አለች ለራሷ። ሳቢሪን በር ላይ ቆማ ታያት ነበር።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ጋሼ እንግዳ ሱቁ ውስጥ ወንበር ደረደሩ። ለስላሳም አስመጡ። ማንም አልመጣም። የሙዳሲር ስልክ ተዘግቷል።

«መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፤ ይሄ ትራፊክ መቼም» አሉ ጋሼ እንግዳ፤ ግን ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

ሲቲናና ሳቢሪን ወደ ችግኝ ጣቢያው በረሩ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውሃ ያጣው ችግኝ ቅጠሉን አጥፎ በረድፍ ቆሟል። ቢሮው ባዶ ነው። የትሬይለሯ ጓጉንቸር ቁልፍ በሩ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ተንጠልጥሏል። ውስጥ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋች መስገጃ መሬት ላይ ተነጥፋለች፤ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ሳስቷል።

ሲቲና እዚያው መስገጃዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ሆትላይኑ ላይ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት በለሰለሰ ድምፅ፣ መጀመሪያ ያወቅሽው መቼ ነበር፣ ብላ ጠየቀቻት። ሲቲና የሳሳውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ሳቢሪን ስልኩን ከእጇ ወስዳ መለሰችላት።

ፖሊሶች ፈለጉት። ሙዳሲርንም ልጁንም ሌላ ስቴት ያየ ሰው አለ የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ጋሼ እንግዳ ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ሲጠሯቸው ጉልበቴን አሞኛል ይላሉ። ሲቲና ችግኝ ከመግዛቷ በፊት የሚያሳድጉትን ሰዎች አሠሪያቸው በሌለበት ለብቻቸው ታናግራለች፤ ስልኳንም ታውሳቸዋለች። አንዱ ሻጭ «ሌባ ነኝ እንዴ?» ብሎ ተቆጣት። ከእሱ መግዛት ተወች።

አንድ ጠዋት ዌስትቼስተር ያለው ሆቴል በር ላይ፣ አብዱልባሲጥ የጫነላትን ወይራ ውሃ እያጠጣች ስልኳ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው።

«ሄሎ?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ከዚህ ቁጥር ተደውሎ ነበር አሉኝ። የተደወለው በጎረቤቴ ልጅ ስልክ ነው፤ ደሴ ከርማ አሁን ስትመጣ ነገረችኝ። አብዱልባሲጥ ነው?»

«ደውሎ ነበር፣ እማማ። ድምፅዎን ሊሰማ።»

«ያረቢ! አለ? ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ» የሚለው መልስ ራሱ ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። «ያኔ ነበር፣ እማማ። አሁን የት እንደሄደ አናውቅም። እየፈለግነው ነው።» እንባዋ ቀደማት።

ከወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «አንቺ እኮ በዓይንሽ አይተሽዋል።»

«አዎ። አይቼዋለሁ።»

«ስታዪው ከስቷል?»

የጎማው ውሃ ጫማዋ ላይ ይፈስ ነበር።

«ትንሽ» አለች ሲቲና።